ትንሹ ሱፐርሞታርድ፦ ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ ይሆናል?

ለዓመታት ከገበያ ጠፍቶ የቆየ የሞተር ሳይክል ዓይነት ተመልሶ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሚላን ላይ በተካሄደው ትልቁ የሞተር ሳይክል ትርኢት ሱዙኪ «ዲአር-ዜድ4ኤስኤም» የተባለውን አዲስ ሥራውን አሳየ። ኬቲኤም ደግሞ «125 ኤስኤምሲ አር» እና «390 ኤስኤምሲ አር» የሚባሉ ታናሽና ታላቅ ይዞ መጣ። ካዋሳኪም በትንሽ ሞተር የተሠራውን «ኬኤልኤክስ230ኤስኤም» ያቀርባል። ስማቸው ውስጥ ያለችው «ኤስኤም» ሱፐርሞቶ ማለት ናት፤ ሱፐርሞታርድም ይባላል። ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ረጅም ሞተር ሳይክል አነስ ያለ ቸርኬና የአስፋልት ጎማ ሲገጠምለት ማለት ነው።

ከሞተር ሳይክሎቹ ጋር የቆየው ክርክርም አብሮ ተመለሰ። አንዱ ወገን «ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ሞተሩ ትንሽ ነው፤ ለጀማሪና ለከተማ ከዚህ የተሻለ የለም» ይላል። ሌላው «ይሄ የእሽቅድምድም ልጅ ነው፤ ጀማሪ እጅ ከገባ አደጋ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው። ግራ የሚያጋባው «ቀላል» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በአማርኛ ቀላል ስንል ክብደቱ ያነሰውንም፣ የማያስቸግረውንም ማለታችን ነው። ትንሹ ሱፐርሞታርድ በመጀመሪያው ትርጉም በእርግጥ ቀላል ነው። በሁለተኛው ትርጉም ቀላል መሆኑ ግን በነጂው ቁመት፣ በፍሬኑ ዓይነትና በሞተሩ ጠባይ ላይ ይወሰናል። እነዚህን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሦስት ስፖርት በአንድ ሜዳ

የዚህ ነገር መነሻ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ሰዎች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የሚከራከሩበትን ዓይነት ጥያቄ አነሳ። አስፋልት ላይ የሚሽቀዳደመው፣ በጭቃና በጉብታ ላይ የሚዘለው፣ የአፈር ሜዳ ላይ እየተንሸራተተ የሚዞረው፤ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? ጋቪን ትሪፕ የተባለ የውድድር አዘጋጅ ሁሉንም ካሊፎርኒያ ውስጥ ካርልስባድ በሚባል ሜዳ አገናኛቸው። ሜዳው ከፊሉ አስፋልት፣ ከፊሉ አፈር ነበር።

ለእንዲህ ዓይነት ሜዳ የተሠራ ሞተር ሳይክል በወቅቱ አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቹ በጭቃና በጉብታ ላይ ለሚዘለው ውድድር የተሠራውን የሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል ወስደው አስፋልት የሚይዝ ጎማ ገጠሙለት። ሱፐርሞታርድ የተወለደው ከዚህ ቅልቅል ነው።

የአሜሪካው ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ቆመ። ስፖርቱ ግን አውሮፓ ተሻግሮ በተለይ ፈረንሳይ ውስጥ ሥር ሰደደ። «ሞታርድ» ራሱ ሞተር ሳይክል ነጂን የሚያመለክት የፈረንሳይ የመንገድ ላይ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሱፐርሞቶ ሲል ፈረንሳዩና ጣሊያኑ ሱፐርሞታርድ ይላሉ፤ ነገሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኬቲኤም «ዱክ» ብሎ ያወጣው ሞተር ሳይክል ይህን ቅርጽ ለተራ የመንገድ ነጂ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ2002 ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ዛሬ ጀማሪውን የሚያስደስተውም የሚያስቸግረውም ነገር በሙሉ ከዚያ ቅልቅል የመጣ ነው። ረጅሙ ቁመት ከጭቃው ሜዳ የተወረሰ ሲሆን ፈጣኑ መሪና ጠንካራው ፍሬን ከአስፋልቱ ናቸው።

ከ21 ወደ 17

ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ሞተር ሳይክል የፊት ቸርኬው አብዛኛውን ጊዜ 21 ኢንች ነው። ትልቅ ቸርኬ ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ አይቀበርም። ሱፐርሞታርድ ይህን አውልቆ ከፊትም ከኋላም 17 ኢንች ያደርጋል። በወሬ ደረጃ ትንሽ ለውጥ ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል።

80/100-21 የሚል ቁጥር የተጻፈበት የአቧራ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 69 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 120/70-17 የሆነው የአስፋልት ጎማ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ስለዚህ የሞተር ሳይክሉ ፊት በ4.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የኋላውም ይወርዳል፤ እንደ ፊቱ ግን አይደለም። ውጤቱ አንገቱን ትንሽ የደፋ ሞተር ሳይክል ነው።

አንገቱን ሲደፋ «ትሬል» የሚባለው ልክ ያጥራል። ትሬል እንዲህ ነው፦ መሪው የሚዞርበትን ዘንግ በሐሳብ መሬት ድረስ ዘርጉት። ዘንጉ መሬቱን ከሚነካበት ነጥብ እስከ ጎማው መሬት እስከሚረግጥበት ነጥብ ያለው ርቀት ትሬል ይባላል። ርቀቱ ሲረዝም ጎማው ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ሲያጥር መሪው ቶሎ ይታዘዛል፤ በዚያው ልክ በፍጥነት ላይ ያለው መረጋጋት ይቀንሳል። የሚሽከረከረው ቸርኬ ትንሽ መሆኑም ተጨማሪ ነው። ትልቅ ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር እንዳለ መቆየት ይፈልጋል፤ ትንሹ ለማጋደል እምብዛም አይከራከርም።

በዚህ ላይ ሰፊው መሪ አለ። መሪ ሰፊ ሲሆን እንደ ረጅም የቁልፍ እጀታ ነው፤ ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ብዙ ያዞራል። መኪና መሃል ሲሹለከለኩ፣ በጠባብ መንገድ ሲዞሩ፣ ድንገት የተከፈተ የመኪና በር ለማምለጥ ሲፈልጉ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ሱፐርሞታርድን ከተማ ውስጥ የነዳ ሰው «ያሰብኩበት ቦታ ይሄዳል» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሪው ላይ ግን ይኸው ነገር ሲገለበጥ ይታያል። አዲስ ነጂ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፤ ትከሻው ይደርቃል፤ ሲደነግጥ ይጎትታል። ከባድና ዘገምተኛ ሞተር ሳይክል እንዲህ ያለውን ስህተት ውጦ ያልፋል። ሱፐርሞታርድ ግን የነገሩትን ሁሉ ያደርጋል፤ ሳያስቡ የነገሩትንም ጭምር። ለዚህ መድኃኒቱ ክርንን ማላላትና ታንኩን በጉልበት መያዝ ነው። ባዶ ግቢ ውስጥ ጥቂት ሰዓት በዝግታ ስምንት ቁጥር መሥራት ብዙ ይጠቅማል።

ውድድር ላይ የሚታየውን እግር ዘርግቶ መታጠፍ እዚህ አለማምጣት ነው። እሽቅድምድም ላይ ኋላው ሆን ተብሎ ሲንሸራተት እግሩ ድጋፍ ይሆናል። ተራ መንገድ ላይ የተዘረጋ እግር ቁርጭምጭሚት ከማሰበር በቀር ጥቅም የለውም።

«ትንሽ ሞተር» ስንት ነው?

ሲሲ የሚለው ቁጥር ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ የሚያስሰውን የሲሊንደር ቦታ የሚለካ ነው። የመጠን ልክ እንጂ የጉልበት ልክ አይደለም። ጉልበት የሚለካው በኪሎዋት ወይም በፈረስ ጉልበት ነው። ብዙ ክርክር የሚበላሸው ሁለቱን በማምታታት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የመንጃ ፈቃድ ሕግ ሁለቱንም ይለካል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት «ኤ1» የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ እስከ 125 ሲሲና እስከ 11 ኪሎዋት ይፈቅዳል። 11 ኪሎዋት 15 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ሕጉ በዚህ አላበቃም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ0.1 ኪሎዋት በላይ እንዳይኖር ይከለክላል። 11ን ለ0.1 ስናካፍል 110 ይመጣል። ስለዚህ ሙሉ 11 ኪሎዋት የሚሰጥ ሞተር ሳይክል ከ110 ኪሎ ግራም በታች ሊሆን አይችልም። ላባ የመሰለ ሞተር ሳይክል ከሙሉ ጉልበት ጋር ለጀማሪ እንዳይሸጥ ሕጉ አስቀድሞ አጥር አጥሯል። ለእኔ ይህ ከሲሲ ቁጥሩ ይልቅ ብልህ የሆነው የሕጉ ክፍል ነው። ቀጣዩ ደረጃ «ኤ2» እስከ 35 ኪሎዋት ያደርሳል፤ ባለ400 ሲሲዎቹ የሚገኙት እዚህ ነው።

15 የፈረስ ጉልበት ለከተማ ይበቃል? ይበቃል። ባለ125 ሱፐርሞታርድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ትንሽም ያልፋል። የከተማ ፍጥነት ወሰን በብዙ አገር 50 ነው። ከትራፊክ መብራት ሲነሳ ከብዙ መኪና ይቀድማል። ችግሩ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ሞተሩ ሁልጊዜ ሙሉ ጋዝ ላይ ይሠራል፣ ለመቅደም የሚተርፍ አቅም የለውም። ነጂው ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል። ጠባቡ ኮርቻም ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱን ያስታውሳል። ታንኩም ትንሽ ነው፤ ያማሃ ቀድሞ ያወጣው «ደብልዩአር125ኤክስ» 8.5 ሊትር ብቻ ይይዝ ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ የቆየ ብዥታ አለ። «125 ሱፐርሞታርድ አደገኛ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት የድሮውን ቱ ስትሮክ ነው። ቱ ስትሮክ ማለት ሞተሩ በአንድ ዙር አንዴ የሚያቃጥል ነው፤ የዛሬው ፎር ስትሮክ በሁለት ዙር አንዴ ያቃጥላል። የድሮው ቱ ስትሮክ ከታች ተኝቶ ይቆይና ዙሩ ሲወጣ ድንገት ይነሳል። የፋብሪካው ገደብ ሲፈታለት ደግሞ ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ይችል ነበር። ለጀማሪ እጅ የሚያስፈራ ጠባይ ነው። እየጠበቀ የመጣው የጭስ ሕግ ግን ይህን ሞተር ከመንገድ አስወጣው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ አዲስ የሚሸጥ ሞተር ሳይክል ሁሉ ዩሮ 5 የሚባለውን መስፈርት ማሟላት አለበት። የዛሬዎቹ ትንንሽ ሱፐርሞታርዶች ፎር ስትሮክ ናቸው፤ ጉልበታቸው ቀስ ብሎ፣ ሊገመት በሚችል መልኩ ይመጣል። የድሮውን ዝና ለአዲሱ መስጠት ልክ አይሆንም።

ኮርቻው ላይ ያለው ጥያቄ

ማስታወቂያዎች ስለ ክብደት ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ኮርቻ ቁመት አያወሩም። ለጀማሪ ግን ዋናው ቁጥር ይህ ነው ባይ ነኝ።

«ደብልዩአር125ኤክስ» የኮርቻው ቁመት 92 ሴንቲ ሜትር ነበር። አዲሱ «ዲአር-ዜድ4ኤስኤም» 89 ነው። ተራ የከተማ ሞተር ሳይክል 80 አካባቢ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው የእግሩ የውስጥ ርዝመት ብዙ ጊዜ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጫማው ሁለት ሦስት ሴንቲ ይጨምርለታል። እና ሲቆም ምን ይሆናል? የሁለቱ እግሮቹ ጣቶች ጫፍ ብቻ መሬት ይነካሉ፤ ወይም አንድ እግሩ ብቻ።

ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ሙሉ ታሪኩን አይናገርም። ሰው ሲቀመጥበት ሾክ አብዞርበሩ ይሰምጣል፤ ረጅም ጉዞ ያለው ሾክ ደግሞ በብዙ ይሰምጣል። ኮርቻውም ጠባብ ስለሆነ እግር ወደ ጎን ሳይከፈት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ 86 ሴንቲ የሆነ ጠባብ ሱፐርሞታርድ 83 ከሆነ ሰፊ ሞተር ሳይክል የተሻለ ሊረገጥ ይችላል። ሳይቀመጡበት አለመግዛት የሚባለው ለዚህ ነው።

ጀማሪ የሚወድቀው በብዛት ቆሞ ወይም ሊቆም ሲል ነው። መሬቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለበት ቦታ ላይ፣ ጠጠር ላይ፣ መሪው ዞሮ የፊት ፍሬን ሲያዝ። እግር መሬት ካልደረሰ ሞተር ሳይክሉ ካዘነበለ በኋላ ማዳን አይቻልም። ክብደቱ እዚህ ላይ በትክክል ይረዳል። 130 ኪሎውን የያዘ ሰው 200 ኪሎ ከያዘው ይልቅ የመመለስ ዕድል አለው፤ ቢወድቅበትም ብቻውን ያነሳዋል። ክብደቱ ቁመቱን በከፊል ይክሰዋል ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

አንዱ መፍትሔ የአቋቋም ልምድ ነው። ልምድ ያለው ነጂ ሁለት እግሩን አያወርድም፤ ግራውን መሬት ያስረግጣል፣ ቀኙን የኋላ ፍሬን ላይ ይተዋል። ይህ ቁመት ላላጠረውም የሚጠቅም ጥሩ ልማድ ነው። ሌላው መፍትሔ ሜካኒካዊ ነው፤ የኮርቻውን ስፖንጅ መቀነስ፣ ወይም የኋላውን ሾክ ማያያዣ በሚያሳጥር መቀየር። ሁለተኛው ሲደረግ የፊቱም አብሮ ካልወረደ መሪው ይለወጣል። የጎን መቆሚያውም ይረዝምና ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በትንሽ ግፊት ይገለበጣል። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከወደቀበት በኋላ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ምን ይሆናል?

የሱፐርሞታርድ የፊት ዲስክ ከጭቃ ወንድሙ ዲስክ ይበልጣል፤ ጎማውም አስፋልት ይነክሳል። የፊት ሹካው ደግሞ ረጅም ነው። በብዙዎቹ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሰምጣል። ተራ የመንገድ ሞተር ሳይክል 120 ወይም 140 ቢሰምጥ ነው። ሦስቱን ደምሩ። ነጂው ፍሬኑን ጨምድዶ ሲይዝ ፊቱ ይዘፍቃል፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ መሬት ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ኋላው ይቆለፍና ይወዛወዛል።

ትክክለኛው አያያዝ በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ማንሻውን ቀስ ብሎ ጫን ማድረግ፤ ሹካው እስኪሰምጥ መጠበቅ። ጎማው መሬቱን ሲጫን ከዚያ በኃይል መያዝ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ በታች የሚፈጅ ነው፤ ካልተለማመዱት ግን በድንጋጤ ሰዓት አይመጣም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 የሚሄድ ሰው በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። አደጋውን አይቶ እጁ እስኪንቀሳቀስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 14 ሜትር ሄዷል። ፍሬን የሚችል ከሆነ በደረቅ አስፋልት በሌላ 14 ሜትር ይቆማል፤ በድምሩ 28። ፍሬኑን በግማሽ ኃይል ብቻ የሚይዝ ፈሪ ጀማሪ ግን ወደ 42 ሜትር ይፈልጋል። ፍሬን የሚችለው ሰው በ60 ቢሄድ እንኳ በ37 ሜትር ይቆማል። ስለዚህ ፍሬን አለመቻል ፍጥነት ላይ ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንደ መጨመር ነው። ጎማ ከመቀየርና የጭስ ማውጫ ከማሳመር በፊት ገንዘቡ ሥልጠና ላይ ቢውል የምለው ለዚህ ነው።

ሁለት ምሕጻረ ቃላት እዚህ ይመጣሉ። ኤቢኤስ ጎማው ሊቆለፍ ሲል አውቆ ፍሬኑን በየቅጽበቱ የሚያላላና የሚመልስ ሥርዓት ነው። ሲቢኤስ ደግሞ አንዱን ፍሬን ሲይዙ ሌላውንም አብሮ የሚያስይዝ ነው። የአውሮፓ ሕግ ከ125 ሲሲ በላይ ላሉ አዲስ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ኤቢኤስን ያስገድዳል። ለ125 እና ከዚያ በታች ግን ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ባለ125 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ፣ ሌላው የማይጠብቅ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ደህንነቱ የተሟላ ነው» ሲል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ምርጫው ካለ ኤቢኤስ ያለው ይሻላል፤ በተለይ ዝናብ በሚዘንብበት ከተማ።

አንዳንዶቹ ደግሞ «ሱፐርሞቶ ሞድ» የሚል ምርጫ አላቸው። ይህ የፊቱን ኤቢኤስ ትቶ የኋላውን ያጠፋል፤ ሜዳ ላይ ኋላውን ለማንሸራተት የሚፈልጉ እንዲጠቀሙበት። ለጀማሪ ይህችን ቁልፍ አለመንካት ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ዋናው ነገር ስለ ሜካኒክ አይደለም፤ ስለ ጠባይ ነው። ሱፐርሞታርድ ፊቱን አንስቶ በአንድ ጎማ ከሚሄድ ጎረምሳ ምስል ጋር ተያይዟል። ሞተር ሳይክሉ ራሱ ይገፋፋል ይላሉ። በአንድ በኩል ልክ ናቸው። ባለ400 ሲሲው በጋዝ ብቻ ፊቱን ሊያነሳ ይችላል። ባለ125ቱ ግን ፍሪሲዮን ካልለቀቁበትና ካልታገሉት በቀር አይነሳም። ፈተናው ካለ ያለው በመሹለክለኩ ላይ ነው። በጣም ስለሚታዘዝ ያልበሰለ ሰው ሁሉም ክፍተት የሚያስገባው ይመስለዋል።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው አደጋ ፍጥነት ነው፣ ይሄ ደግሞ ፍጥነት የለውም ይላሉ። ይህ ክርክር ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውና በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ሃርት የመራው ጥናት ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው መርምሯል። ከአደጋዎቹ ግማሹ የተጀመሩት ነጂው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሄድ ነበር። የከተማ ፍጥነት ማለት ነው። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተከሰቱት ግጭቶች ሁለት ሦስተኛው ደግሞ ሌላው አሽከርካሪ ቅድሚያ በመከልከሉ የመጣ ነው። ሁልጊዜ የሚሰማው ቃል «አላየሁትም» ነው።

ጥናቱ አሮጌ ነው፤ አገሩም ሌላ። ቢሆንም ነገሩ የሰው ዓይን ጉዳይ ስለሆነ አላረጀም። ከፊት ለፊት የሚመጣ ቀጭን ነገር ከርቀቱ በላይ ሩቅ፣ ከፍጥነቱ በታች ዘገምተኛ ይመስላል። ሱፐርሞታርድ ደግሞ ከቀጭኖቹም ቀጭን ነው። ከፍታው ነጂው በመኪኖች ጣሪያ ላይ አሻግሮ እንዲያይ ይረዳዋል። እሱ ማየቱ ግን እሱን ያዩታል ማለት አይደለም።

ከዚያው ጥናት አንድ ተጨማሪ ውጤት አለ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ በደረሰበት ሞተር ሳይክል ላይ ያላቸው ልምድ ከአምስት ወር በታች ነበር፤ በአጠቃላይ ግን ለዓመታት የነዱ ናቸው። ስለዚህ ጀማሪ የሚባለው ገና የሚማረው ብቻ አይደለም። ከስኩተር ወይም ከከባድ ሞተር ሳይክል ወደ ሱፐርሞታርድ የመጣውም በእነዚያ ወራት ጀማሪ ነው። መሪው ሌላ ነው፣ ፍሬኑ ሌላ ነው፣ እጁ ግን የድሮውን ያስታውሳል።

ለምን አሁን ተመለሱ?

መልሱ ባብዛኛው ገንዘብና ወረቀት ነው። የጭስ ሕጉ ሲጠብቅ ለአንድ ትንሽ ሞተር ሳይክል ብቻ አዲስ ሞተር መሥራት አያዋጣም። ፋብሪካዎች አንድ ሞተር ሠርተው ለብዙ ዓይነት ያካፍሉታል። የኬቲኤም «390 ኤስኤምሲ አር» ሞተር ከ«390 ዱክ» የተወሰደ ነው። የጣሊያኑ ፋንቲክ ለባለ125ቱ የያማሃን ሞተር ይጠቀማል። ለገዢው ይህ መልካም ዜና ነው፤ የብዙ ሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሆነ ዕቃ ቶሎ አይጠፋም።

ወረቀቱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሦስት ዓመት የመኪና ፈቃድ የያዘ ሰው 125 እንዲነዳ ትፈቅዳለች። ጀርመንም ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላውና ፈቃዱን አምስት ዓመት የያዘ ሰው አጭር ሥልጠና ወስዶ እንዲነዳ ፈቀደች። ስለዚህ የባለ125 ገዢ የ16 ዓመት ልጅ ብቻ መሆኑ ቀረ። በትራፊክ መጨናነቅ የተሰላቸ ጎልማሳም ተጨመረ። መኪና መንዳት ያውቃል፣ መንገዱን ያውቃል፤ ሁለት ጎማ ላይ ሚዛን መጠበቅ ግን አያውቅም። ለእሱ የሚያስፈልገው ሥልጠና ለልጁ ከሚያስፈልገው የተለየ ነው።

ያገለገለ ሲገዛ

ትልቁ ወጥመድ እዚህ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስምና አንድ መልክ ይዘዋል። አንዱ ለመንገድ የተሠራ ሱፐርሞታርድ ነው። ዘይቱ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ሞተሩ ለዓመታት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ሌላው የውድድር ሞቶክሮስ ላይ የአስፋልት ጎማ የተገጠመለት ነው። የዚህኛው ዕድሜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ጥቂት ሰዓት ሲሠራ ዘይት፣ ጥቂት አሥር ሰዓታት ሲሠራ ቫልቭና ፒስተን ይፈተሻሉ። ክብደቱ ከመንገዱ ያነሰ፣ ጉልበቱ እጅግ የበለጠ፣ ዋጋውም አንዳንዴ የሚያማልል ነው። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው።

መለየት አይከብድም። የሰዓት ቆጣሪ እንጂ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከሌለው፣ የተሳፋሪ መርገጫ ከሌለው፣ ፍሬቻና መስታወቱ በኋላ የተለጠፈ ከመሰለ መጠርጠር ነው። ለመንገድ የተሠራውም ቢሆን ይታያል። ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ተጨምቆ ስለሚነዳ ዘይቱ በጊዜው መቀየሩን የሚያሳይ መዝገብ ዋጋ አለው። ካቴናውና ጥርሶቹ ከተበሉ ነጂው ጋዝ ይወድ ነበር ማለት ነው። የፊት ሹካው ዙሪያ ዘይት ካለ ማኅተሙ አልቋል። የመሪው ጫፍና የእግር መርገጫው ጫፍ ከተፋፋቁ ወድቋል፤ ከአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ቆሞ የወደቀ ሊሆን ይችላል፣ ያ ብዙም አያስደነግጥም። ስርቆትንም ማሰብ ነው። ሁለት ሰው ተሸክሞ ፒካፕ ላይ ሊጭነው የሚችል ዕቃ ስለሆነ የመሪ ቁልፍ ብቻ አይበቃውም፤ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር በሰንሰለት መታሰር አለበት።

የኤሌክትሪክ ሱፐርሞታርዶችም መምጣት ጀምረዋል። «ዜሮ ኤፍኤክስኢ» የሚባለው 135 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ማርሽም ፍሪሲዮንም የለውም። ለጀማሪ ግማሹ ሸክም ወረደለት ማለት ነው። ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከዜሮ ጀምሮ ይሰጣል። የአውሮፓ ሕግም ኪሎዋቱን የሚቆጥረው ሞተሩ ያለማቋረጥ በሚሰጠው ልክ ነው እንጂ ለአፍታ በሚሰጠው አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 11 ኪሎዋት የሚል የኤሌክትሪክ ሱፐርሞታርድ ከትራፊክ መብራት ሲነሳ ከባለ125 ሲሲው የቤንዚን ዘመዱ በጣም የበለጠ ሊስብ ይችላል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ቁጥር ነው፤ የዘወትሩን ኪሎዋትና የቅጽበቱን።